ከደወሌ ማዶ ያለው ጉድጓድ

ሰኞ፣ ኅዳር 8። ጠዋት 3 ሰዓት

ለኮምቦልቻ ከተማና ለአካባቢዋ ሕዝብ በሙሉ ይታወቅ ዘንድ፦ ስንጠብቀው የኖርነው ባቡር ባይመጣም የመጀመሪያዎቹ መንገደኞች ዛሬ ማለዳ በሰላም ደርሰዋል። ብዛት፦ ሁለት። ጾታ፦ አንድ ወንድ፣ አንዲት ሴት። እናታቸው የመምሬ አስፋው ፍየል ናት። የትውልድ ቦታ፦ ሐዲዱ ላይ፣ በሁለቱ ብረቶች መካከል። እናትም ልጆችም ደህና ናቸው። ትኬት አልያዙም።

ደብተሬ፣ ይህን ዜና ካንተ በፊት የሰማ የለም። ከመምሬ በቀር። እሱንም ደስ አላለውም። ጎረቤቴ ነው፣ ቄስ ነው፣ እኩያዬ ነው። ዕድሜ ልኬን ስተርበው ኖሬ አሁንም ይናደዳል። ግልገሎቹን አንዱን ትኬት፣ አንዷን ታሪፍ በላቸው አልኩት። የክርስቲያን ፍየል ናት፣ ስም የምታወጣላት አንተ አይደለህም አለኝ።

ሐዲዱ ከቤታችን ጀርባ ነው የሚያልፈው። አዋሽ ላይ ከጅቡቲው መስመር ሊገናኝ ነው የተዘረጋ። ብረቱን ተከትለህ ብትሄድ ድንበር ያደርስሃል፤ ድንበሩን ብታልፍ ባሕር። ለጊዜው ግን ከብት ነው የሚመላለስበት። እኔና መምሬ ጠዋት ጠዋት ብረቱ ላይ ቁጭ ብለን ፀሐይ እንሞቃለን። ቂጥ ይቀዘቅዛል፣ ጀርባ ይሞቃል። ይኸው ነው የባቡር አገልግሎታችን።

መምሬ ፍየሉን ይዞ ሲሄድ ሐያት መጣች። የልጄ የዘሃራ ልጅ ናት፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ። አጠገቤ ተቀመጠች። የደወሌን ወሬ ይንገሩኝ አባባ አለች። ልጅነቷን ከጨረሰች ወዲህ ጠይቃኝ አታውቅም። ልቤ ቅቤ ሆነ።

ወሬው ይኸ ነው። ደወሌ የድንበር ከተማ ናት፤ ከድሬዳዋ የሚመጣ ባቡር ጅቡቲ ሳይገባ የሚቆምባት፣ ወረቀት የሚታይባት። በወጣትነቴ እዚያ መስመር ላይ ባቡር እነዳ ነበር። ሥራ በሌለኝ ቀን እኔና ጓደኛዬ አሊ ሸቀጥ ተሸክመን፣ ባቡሩ ኬላው ሳይደርስ ዘለን እንወርዳለን። ኬላውን በእግር እንዞረዋለን። ፀሐይ ልትገድለን ስትል አንድ ትልቅ ግራር፤ ከግራሩ ሥር የውሃ ጉድጓድ፤ ከጉድጓዱ አፍ ላይ አንዲት አሮጊት። አሮጊቷ አሊን ሟቹን ባሌን ትመስላለህ እያለች ታሽኮረምመዋለች፤ ከሄድክ ውሃ የለም ትለዋለች። የቤቱ ልጅ ሁሉ በዚህ ወሬ ነው ያደገ።

ከሐዲዱ እስከ ጉድጓዱ ስንት ሰዓት ያስኬዳል አለችኝ። ሁለት ሰዓት አልኳት። ፀሐይን በየት አድርገው? ጠዋት ከሆነ በቀኝ፤ አይ፣ በግራ አልኳት። ስልኳን አውጥታ ጻፈች።

ለምን እንደምትጽፍ አልጠየቅኩም። ወሬዬን መጽሐፍ ልታደርገው ነው ብዬ ኮራሁ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9። ከቀኑ 10 ሰዓት

ነገር አለ።

ሐያት አዲስ ሸራ ጫማ ገዝታለች። አልጋ ሥር ነው ያስቀመጠችው። ዓይኔ ቢደክም አፍንጫዬ ጎበዝ ነው፤ የአዲስ ጎማ ሽታ ከበር ተቀበለኝ። የማን ሠርግ ነው በሸራ የሚጨፈርበት አልኳት። ደሴ የልብስ ስፌት ሥልጠና ልገባ ነው፣ ዳገቱ ብዙ ነው አለች።

ዘሃራ ደስ ብሏታል። የ12ኛ ክፍል ውጤት ካልመጣላት ወዲህ ልጂቱ ዓመት ሙሉ ቤት ተቀምጣ ግድግዳ ስታይ ነበር። አብሮ አደጓ ሪያድ ገብታ ፎቶ ትልክላታለች፤ ሐያት ፎቶውን በጣቷ እየለጠጠች ታየዋለች። አሁን ስፌት። አልሐምዱሊላህ ማለት ይገባኛል።

ምሳ ላይ ደግሞ ጠየቀችኝ። አሮጊቷ ሞታ እንደሆነስ፣ ጉድጓዱን ማን ይጠብቀዋል? ጉድጓድ አይሞትም አልኳት። ሁሉም ሳቁ። እሷ አልሳቀችም። ራሷን ነቀነቀች፣ የሒሳብ መልስ እንደተነገረው ተማሪ።

ደብተሬ፣ እኔ ጅል አይደለሁም። የስፌት መኪና ፀሐይን በግራ አድርጎ አይሠራም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11። ከቀኑ 11 ሰዓት

ተከተልኳት። አዎ፣ በዚህ ዕድሜዬ። 

እሷ በ2 ሰዓት ሚኒባስ ደሴ ወጣች፣ እኔ ቀጥሎ በሞላው። ሐረጎ ዳገት ላይ ጉም፤ መንገዱ አይታይም። አጠገቤ የተቀመጠች ሴትዮ ወዴት ነው አባባ አለችኝ። ላገባ ነው አልኳት። ለሙሽራዪቱ አላህ ትዕግሥት ይስጣት አለች። በሌላ ቀን ቢሆን እስከ ደሴ በሳቅ እንሄድ ነበር።

ፒያሳ ወርጄ ስዟዟር በነጭ ሻሿ ለየኋት። ሻይ ቤት ገባች። ሁለት እኩዮቿ ይጠብቋታል። አንድ ሰውም አለ፤ ሁለት ስልክ ይዟል፣ ፊቱ አይፈታም። ጋቢዬን እስከ አፍንጫዬ ስቤ፣ ጀርባዬን ሰጥቻቸው ተቀመጥኩ። ሻይ አዘዝኩ። አልጠጣሁትም።

ደላላ ነው። በባቲ በኩል ያለው መንገድ ፍተሻ በዝቶበታል ይላል። ስለዚህ እስከ ድሬዳዋ በአውቶቡስ፣ ከዚያ በባቡር፣ ደወሌ ሳይደረስ መውረድ፣ ኬላውን በእግር መዞር። ማዶ መኪና ይጠብቃል። ከዚያ ባሕሩ፣ ከባሕሩ የመን፣ ከየመን ሳዑዲ። እንዲህ እንደ ቀላል ነገር። እንደ ደሴና ኩታበር ቅርብ ለቅርብ።

አንደኛዋ ልጅ ውሃስ አለች።

የሐያቴን ድምፅ ሰማሁ። ለውሃ አታስቡ። አያቴ በዚያ መስመር ባቡር ነጂ ነበሩ፣ ቦታውን እንደ እጃቸው ያውቁታል። ከሐዲዱ ሁለት ሰዓት፣ ፀሐይን በግራ፣ ትልቅ ግራር አለ። ጉድጓድ አይሞትም።

ሰውዬው አያትሽ በሕይወት አሉ ወይ አላት። "እንዴታ፣ እኛን ሁሉ ይቀብሩናል" አለች። ሳቁ።

የፊታችን ሐሙስ፣ ንጋት ላይ ነው።

ዞሬ እጇን መያዝ ነበረብኝ። አልዞርኩም። ጉልበቴ ላይ ሻዩ ፈሶ ሽርጤን አቃጠለኝ፤ እሱንም ዝም አልኩ። እነሱ እስኪወጡ እንደ ሌባ ተደብቄ ቆየሁ። ወሬዬ ካፏ ሲወጣ እንዴት እውነት ይመስላል።

ዓርብ፣ ኅዳር 12። ከጁምዓ ሶላት በኋላ

ላንተ ብቻ፣ ደብተሬ።

ጉድጓዱ የለም።

ግራሩም የለም። አሮጊቷም የለችም። ባቡር ነጂም አልነበርኩም፤ ድሬዳዋ ጣቢያ ጆንያ ተሸካሚ ነበርኩ። ኬላውን በእግር የዞርኩት አንድ ቀን ብቻ ነው። እዚያ ያለው ድንጋይ ነው። አሸዋ ነው። ፀሐይ ነው።

አሊም እዚያ ነው ያለው።

ሌላ አልጽፍም።

እሑድ፣ ኅዳር 14። ጠዋት 4 ሰዓት

ሁለት ቀን ሙሉ ውሸት በውሸት ለመንቀል ስታገል ከረምኩ።

ዓርብ ማምሻውን የድሬዳዋው ባቡር ቆሟል፣ በሬዲዮ ሰማሁ አልኩ፣ ለማንም እንዳልተናገርኩ ሆኜ። ሐያት ስልኳን ነካ ነካ አደረገችና ዛሬ ጠዋት ተነሥቷል አባባ አለች። ትናንት ጠዋት ደወሌ አካባቢ በሰው ቁመት እባብ ተነሥቷል አልኩ። ዘሃራ አባቴ እባብ ጨመረ አለችና ሳቀች። ከሰዓት ታመምኩ ብዬ ተኛሁ፤ ልቤን ያዝኩ፣ አቃሰትኩ። ሐያት ሎሚና ማር በሙቅ ውሃ አምጥታ ራስጌዬ ተቀመጠች። ግንባሬን ዳሰሰች። አብሽሩ አባባ፣ እኔ አለሁ አለች። የውሸት ሕመሜን በእውነተኛ እጅ አስታመመችኝ። ትንሽ ቆይታ ቀስ ብላ ጠየቀችኝ፦ ግራሩ ከሩቅ ይታያል ወይስ ጉብታ ይጋርደዋል?

ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ።

ዛሬ ጠዋት መምሬ ከቅዳሴ ሲመለስ ሐዲዱ ላይ ጠበቅኩት። አንድ ወዳጅ አለኝ አልኩት። ለልጅ ልጁ የሌለ ነገር አለ ብሏት ያንን ተማምና ገደል ልትገባ ነው፤ ምን ትመክረዋለህ?

"ወዳጅህ ጥርስ አለው?" አለኝ።

"ሦስት።"

"አውቀዋለሁ። ቀጣፊ ነው።"

የምስቅ መስሎት ጠበቀኝ። አለመሳቄን ሲያይ ቀረብ ብሎ ተቀመጠ። ይመር፣ ምን ሆነህ ነው አለኝ። አልነገርኩትም። ለዚያ ወዳጅህ ሄዶ ሐቁን ይንገራት በለው አለኝ። ባታምነውስ አልኩ። አለማመን የእሷ ነው፣ መናገሩ ግን የእሱ ነው አለ። እጄን ያዘኝ።

ለዘሃራ ልንገራት? አስቤዋለሁ። ከላይኛው ሰፈር አንዲት ልጅ እንዲህ አስባ እናቷ ቀድማ ደረሰችባትና በር ቆለፈችባት። ልጂቱ በማግስቱ በመስኮት ወጣች፤ ሳትሰናበት፣ ስንቅ ሳትይዝ። እናቷ እስከ ዛሬ ስልክ በጮኸ ቁጥር ትሮጣለች። ዘሃራ ቁጡ ናት። መቆለፏ አይቀርም። ሐያትም ከዘሃራ ነው የተወለደችው።

ስለዚህ መንገር ያለብኝ እኔ ነኝ፣ ለራሷ። ጉድጓድ የለም ካልኳት አሊስ ትለኛለች። አሊ ምን ሆነ።

ሰኞ፣ ኅዳር 15። ከቀኑ 8 ሰዓት

ነገርኳት። ተገላገልኩ።

ሐዲዱ ላይ አጠገቤ አስቀምጬ ነው የነገርኳት። ምንም አልደበቅኩም። እነሆ ላንተም።

አሊ የቦሩ ሜዳ ልጅ ነበር። ከእኔ ጋር ጆንያ ይሸከም ነበር፤ ከእኔ ይልቅ ጠንካራ፣ ከእኔ ይልቅ የዋህ። በዚያ ቀን ልባሽ ጨርቅ ተሸክመን ከባቡሩ ዘለልን። ከቦታው በጣም ቀድመን ነው የዘለልነው፤ የፈራሁት እኔ ነኝ፣ አሁን ዝለል ያልኩት እኔ ነኝ። የያዝነው አንድ ጠርሙስ ውሃ ነው። ቀትር ሳይደርስ አለቀ። አሊ ወደ ሐዲዱ እንመለስ አለኝ። ቢይዙንም ይያዙን፣ የያዘ ሰው ውሃ አይነሳም አለ። ልክ ነበር። ሐዲዱ ገና ከኋላችን ይታይ ነበር። 

እኔ ጭነቱ አሳሳኝ። ከዚያች ጉብታ ወዲያ ጉድጓድ አለ አልኩት። አላየሁም፣ ከሰውም አልሰማሁም። እንዲራመድልኝ ነው። ደግሞ እንዲስቅልኝ ብዬ አሮጊቷን ጨመርኩበት፦ ባሏን ትመስላለህ፣ አትለቅህም አልኩት። ከንፈሩ ተሰንጥቆ ሳቀ። ተከተለኝ።

ከጉብታው ወዲያ ሌላ ጉብታ ነበር። ከዚያም ወዲያ ሌላ። በየጉብታው ለአሮጊቷ አንድ ነገር እጨምርላታለሁ፤ ወርቅ ጥርስ አላት፣ ግራር ሥር ነው የምትቀመጠው፣ ፍየሎች አሏት። ወደ ማምሻው ተቀመጠ። አልተነሣም። ጉድጓዱ የቱ ጋ ነው አለኝ። ይኸው፣ ይኸው ደርሰናል አልኩት። የመጨረሻ የሰማው ቃል ይኸ ነው።

እኔን ግመል ነጂዎች አገኙኝ። አሊን ከእነሱ ጋር ሆነን ቀበርነው፤ ድንጋይ ከመርንበት። አገር ቤት ስመለስ እናቱ ጠየቀችኝ። በትኩሳት ሞተ አልኳት። ኋላ ልጅ ወለድኩ፣ የልጅ ልጅ አየሁ፤ ወሬ አውራልን ሲሉኝ ሌላ ወሬ አልመጣ አለኝ። ስናገረው ውሃ አገኘን አልኩ። አሊ ጠጣ አልኩ። በየጊዜው ሲጠጣ አየው ነበር።

ሐያት ይህን ሁሉ ሰምታ ሳቀች። እንዳልሄድ የፈጠሩት ነው አባባ፣ ነቅቼብዎታለሁ አለች። ቀሚሷን አራግፋ ተነሥታ ገባች።

ታዲያ ምን ላድርግ? ዕድሜ ልኩን ሲያላግጥ የኖረ ሰው አንድ ቀን ሐቅ ቢናገር ማን ይሰማዋል። የድርሻዬን አድርጌያለሁ። የቀረው የአላህ ነው። መምሬም እንደዚያው ነው ያለኝ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16። ከቀኑ 6 ሰዓት

እንቅልፍ የለም። ምግብ አፌ ውስጥ ይዞራል።

ሻንጣዋን አየሁት። ትንሽ የትከሻ ቦርሳ። ሁለት ቀሚስ፣ ሻሽ፣ ቻርጀር፣ ቴምር። ውሃ መያዣዋ ግማሽ ሊትር ነው። ግማሽ ሊትር ለዚያ ፀሐይ። ዘሃራ ምነው ትልቁን አትወስጂም፣ ደሴ ውሃ ይጠፋል አለቻት። ይከብደኛል፣ እዚያው እሞላለሁ አለች። ይህን ስትል ወደ እኔ አየችና ፈገግ አለች። ሁለታችን ብቻ የምናውቀው ነገር እንዳለ ሁሉ።

ኃጢአቴ ፈገግታ ሆኖ ሲመለስልኝ አየሁ።

ከዚያ መጣችና እግሬ ሥር ተንበረከከች። ነገ ከዐስር ሶላት በኋላ ዱዓ ያድርጉልኝ አለች። ለሥልጠናው።

ደብተሬ፣ የኛን አገር ታውቀዋለህ። ወሎ ውስጥ ትልቅ ሰው ዱዓ ሳያደርግለት ከደጅ የሚወጣ መንገደኛ የለም። ሐጅ የሚሄደውም፣ ገበያ የሚወርደውም፣ ተሰውሮ የሚሄደውም። እናቷን ታታልላለች፣ እኔንም ታታልላለች፤ ያለ ዱዓ መሄድ ግን አትደፍርም። እጄን ዘርግቼ በሰላም ግቢ ካልኳት በምላሴ በሩን ከፈትኩላት ማለት ነው። ያን ጊዜ አሊን በጉድጓድ ሸኘሁት፤ አሁን እሷን በዱዓ። እምቢ ካልኩ ደግሞ ማወቄን ታውቃለች፤ ዛሬውኑ ትጠፋለች።

እሺ አልኳት። ምን ልበል።

ከዚያ ወዲህ አድራሻዬ ጠፍቶኛል። መቀመጫ ኩርሲዬን ይዤ ከግቢ ወደ ሐዲድ፣ ከሐዲድ ወደ ግቢ። መምሬ ከሩቅ አይቶኝ ባቡሩ መጣ እንዴ ብሎ ተረበኝ። ኩርሲዬን እንደያዝኩ አለፍኩት። ደንግጦ ቆመ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 17። ከቀኑ 9 ሰዓት

ዐስር ሊደርስ ነው። ዘሃራ ግቢ ውስጥ ናት። ሐያት ምንጣፉን እያራገፈች ነው። ውዱእ አድርጌያለሁ። ጽሑፌ ቢወላገድ እጄ ስለራሰ ነው።

ቆርጫለሁ። ዱዓው ላይ ነው የምነግራት።

ሌሊቱን ሙሉ ሳወጣና ሳወርድ ያገኘሁት ይኸን ነው፦ ስተርብ ኖሬያለሁ፣ ቀጥፌያለሁ፣ ሠርግ ላይም ሐዘን ላይም አላግጫለሁ። ዱዓ ላይ ግን እጄን ዘርግቼ ዋሽቼ አላውቅም። ይኸን ሰፈሩ ያውቃል። ሐያትም ታውቃለች። ዱዓ ላይ የተቀመጠ ሰው ሳይፈጸም አይነሣም፤ አይስቅም፤ የተባለውን ሰምቶ አሚን ይላል። እናትና ልጅ ፊት ለፊቴ ይቀመጣሉ። እጃቸውን ይዘረጋሉ። በልማዴ ለሙታን እጀምራለሁ። የመጀመሪያው ስም የአሊ ይሆናል። በውሃ ጥም የሞተው አሊ እላለሁ፤ ጉድጓድ አለ ብዬ የገደልኩት አሊ። ከዚያ ሁሉንም፤ ደላላውን፣ ደወሌን፣ ሐሙስን። ዘሃራም ትስማ። በር አልቆልፍም፣ እንዳትቆልፍም እለምናታለሁ። ብትሄድ ግን ጉድጓድ እንደሌለ አውቃ ነው የምትሄደው። ዓይኗ እያየ። ዳግመኛ ሰው በእኔ ጉድጓድ አይሞትም።

ካሁን በኋላ ወሬ አውራን የሚለኝ ላይኖር ይችላል። አባባ የሚለኝም። ይህንንም ፈርቻለሁ።

ሰኞ ነግረሃት የለም ወይ ትለኛለህ፤ ጽፌብሃለሁና።

ጠራችኝ። አባባ፣ ዐስር ደረሰ አለች ሐያት። መጣሁ ብያለሁ።

ሰኞ ዕለት ሐዲዱ ላይ አስቀምጫት ነበር፤ ይኸ እውነት ነው። አፌንም ከፍቼ ነበር። የወጣው ግን መምሬ የነቢያትን ጾም ሲጀምር ፊቱ እንዴት እንደሚጠቁር የሚያወራ ተረብ ነው። እሷም አዳምጣ፣ እሺ አባባ ብላ ገባች። ስለ አሊ የጻፍኩልህ ሁሉ ሐቅ ነው፤ ከቦሩ ሜዳ እስከ ድንጋዩ ክምር። የፈጠርኩት የሐያትን ሳቅ ነው። አንድ ነገር ሆና ብትሞት፣ ያላመነችው እሷ ናት እንድል።